የገደሉ ዝንጀሮና የሊቃውንት ምርመራ

(በሐርጌሳ ለተሰበሰቡ መምህራንና የትምህርት ቤት ኀላፊዎች የተነገረ)



ከሐርጌሳ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች፥ ይልቁንም ሼኽን አልፎ ወደ ባሕሩ ዳር በሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ የተጓዘ ሰው፥ ጀምበር ስታዘቀዝቅ በድንጋዩ ላይ ተሰልፎ ወደ ማደሪያው የሚመለሰውን የዝንጀሮ መንጋ የሚያይበት ጊዜ ብዙ ነው። ወንዱ ከትከሻው እስከ ወገቡ የሚወርድ አመድማ ጋማ ደርቧል፤ ፊቱና መቀመጫው ቀይ ነው፤ ክብደቱም ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ሴቲቱ ጋማ የላትም፤ መልኳ ቡናማ፥ ክብደቷም የወንዱ እኩሌታ ያህል ነው። ሶማሌዎች ይህን ወገን ሁሉ ዳየር ይሉታል፤ የሳይንስ ሰዎች ግን ሐማድርያስ ብለው ጠርተውታል። በዚህ ስም በ1758 የመዘገበው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔ ነው (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኖ በዚህ አገር ያገለገለው ድሬክ ብሮክማን ስለ ሶማሌላንድ አጥቢ እንስሳት መጽሐፉን ያሳተመው በ1910 ነበረ። ይህ ዝንጀሮ በዱር የሚኖረው በአፍሪቃ ቀንድና በዙሪያው፥ ከባሕሩም ማዶ በየመንና በሳዑዲ ዐረቢያ ተራሮች ብቻ ነው።

እንዲህም ሆኖ ሳለ የዚህ እንስሳ ዐጥንት የተመረመረው በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ፥ ጠባዩ የተጻፈው በሎንዶንና በዙሪክ፥ ልቡና ደም ሥሩ የተፈተነው በጥቁር ባሕር ዳር ነው። በሐርጌሳ የሚማር ልጅ በጎረቤቱ ተራራ ላይ የሚያድረውን እንስሳ የሚያውቀው፥ ካወቀው፥ ከሌላ አገር ተጽፎ በመጣ መጽሐፍ ነው። ያም መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ተሳስቷል። የተሳሳተበት ምክንያትና ስሕተቱ የታረመበት መንገድ ለመምህራን ሊነገር የሚገባው ሆኖ ተገኝቷል።

የእንስሳን አካል ከፍቶ ስለ ሰው መናገር የቈየ ልማድ ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው የጴርጋሞን ሐኪም ጋሌኖስ፥ የሰውን ሬሳ መክፈት በዘመኑ የማይፈቀድ ስለ ነበረ፥ ከሰሜን አፍሪቃ የሚመጣውን ጅራት የሌለውን ጦጣ እየከፈተ ያየውን ጻፈ። ያየው የጦጣን አካል ሲሆን የጻፈው ግን ስለ ሰው እንደ ሆነ አድርጎ ነበረ፤ ሐኪሞችም ከ1300 ዓመት በላይ በዚያው ተማሩ። ለምሳሌ የሰው የደረት ዐጥንት ሰባት ክፍል አለው ብሏል፤ ይህ የጦጣ ደረት ነው። በ1543 አንድሬያስ ቬሳሊዩስ የሰውን ሬሳ በገዛ እጁ ከፍቶ ክፍሉ ሦስት መሆኑን ባሳየ ጊዜ፥ የራሱ መምህር የነበረው የፓሪሱ ያዕቆብ ሲልቪዩስ ተቈጣ፤ ጋሌኖስ አልተሳሳተም፥ ይልቁንስ የሰው አካል ከዚያ ዘመን ወዲህ ተለውጦ ይሆናል እስከ ማለትም ደረሰ። መምህር መጽሐፉን ከተማሪው ዐይን አብልጦ ሲወድ እንዲህ ያለውን ይናገራል።

ወደ ገደሉ ዝንጀሮ እንመለስ። ይህ እንስሳ ከአገሩ ወጥቶ ባሕር የተሻገረው ከአውሮጳ ሰዎች መምጣት በፊት፥ ከ3000 ዓመት በላይ በሚሆን ጊዜ ነው። የጥንት ግብፃውያን ጶንጥ ወደሚሉት አገር መርከብ እየላኩ ዕጣን፥ ወርቅና ዞጲ ያስመጡ ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሠችው ሐትሼፕሱት ያሠራችው ቤተ መቅደስ ግድግዳ፥ ከጶንጥ የሚመለሱትን መርከቦችና በገመዱ መካከል የሚዘዋወሩትን ዝንጀሮዎች እስከ ዛሬ ድረስ ያሳያል። በግብፅ ግን ዝንጀሮ በተፈጥሮ የሚኖር እንስሳ አልነበረም። ቶት የሚባለው የጽሕፈትና የጥበብ አምላካቸው በዝንጀሮ መልክ ስለሚቀረጽ፥ እንስሳውን በቤተ መቅደስ ያኖሩት፥ ሲሞትም በመድኀኒት አድርቀው በበፍታ ገንዘው ይቀብሩት ነበረ።

ታዲያ ጶንጥ የት ነው የሚለው ክርክር የታሪክ ሰዎችን ከመቶ ዓመት በላይ አድክሟል። ክርክሩን ወደፊት የገፋው የዝንጀሮው ጥርስና ጠጕር ሆነ። ስትሮንሺየም የሚባል ንጥረ ነገር በአለቱ ዐይነት ልክ በየአገሩ ልዩ ምልክት አለው፤ ከአፈሩ ወደ ውሃና ወደ ተክል፥ ከዚያም ወደሚመገበው እንስሳ አካል ይገባል። ጥርስ በልጅነት ተሠርቶ የሚያልቅ ስለ ሆነ የተወለዱበትን አገር ምልክት ይዞ ይቀራል፤ ጠጕር ደግሞ በመጨረሻ የኖሩበትን ይናገራል። በ2020 የታተመ አንድ ምርመራ፥ ከጥንቱ የግብፅ ነገሥታት ዘመን የቀሩ ሁለት ዝንጀሮዎች በግብፅ እንዳልተወለዱ አረጋገጠ፤ የጥርሳቸውም ምልክት የሚስማማው ከኢትዮጵያ፥ ከኤርትራና ከጂቡቲ ሰፊ ክፍል፥ እንዲሁም ከሶማሌና ከየመን ምድር ከፊሉ ጋር ሆነ። በ2023 ደግሞ ሌሎች መርማሪዎች ከአንድ ደረቅ ዝንጀሮ የዘር ቅንጣት አውጥተው ቢያነጻጽሩት፥ የዛሬዎቹን የኤርትራን ዝንጀሮዎች፥ ይኸውም የጥንቱ የአዱሊስ ወደብ ያለበትን አካባቢ የሚያመለክት ሆኖ ተገኘ።

ያ የዘር ቅንጣት የተገኘበት የዝንጀሮ መቃብር በሉቅሶር አጠገብ ነው፤ ስሙም ጋባናት ኤል ቁሩድ፥ ማለት የዝንጀሮዎች መካነ መቃብር ይባላል። የሊዮኑ ሐኪም ሉዊ ሎርቴና ባልደረባው ክሎድ ጋያር በ1905ና በ1906 ዐጥንቱን ሰብስበው ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ ዛሬም በዚያው በሊዮን ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ዝንጀሮዎቹ የሞቱት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 500 ባለው ዘመን ውስጥ ነው። በ2023 የታተመው የዐጥንት ምርመራ ከ36 የማያንሱ ዝንጀሮዎችን ቈጠረ። ከእነዚህ ሁሉ ጉዳት ያልታየባቸው አራት ብቻ ነበሩ! የቀሩት የክንዳቸውና የእግራቸው ዐጥንት የተጣመመ፥ አንዳንዶቹም ፊታቸው ያለ ልክ የተቈረጠ ያህል ያጠረ ሆኖ ታየ። መርማሪዎቹ የደረሱበት ፍርድ ሪኬትስ የሚባለው የዐጥንት መለስለስ በሽታ ነው፤ ምክንያቱም ፀሐይ ማጣት።

እዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ይገባል። ዐጥንት የሚጠነክረው ካልሲየም በሚባለው ማዕድን ነው፤ ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም የሚገባው ቪታሚን ዲ ሲረዳው ነው፤ ቪታሚን ዲ ደግሞ ከጥቂት ምግብ በቀር በብዛት የሚሠራው ፀሐይ ቈዳን ስትነካ ነው። ስለዚህ ገና የሚያድግ እንስሳ በጨለማ ቢዘጋበት፥ ምግቡ ቢሟላም እንኳ ዐጥንቱ ለስልሶ ከራሱ ክብደት በታች ይጎብጣል። በግብፅ ፀሐይ ጐድሎ አያውቅም። ዝንጀሮዎቹ ግን በድንጋይ ግንብ ውስጥ፥ ምናልባትም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ተዘግተው ኖረዋል። ክብር የተሰጣቸው፥ ተገንዘው የተቀበሩ እንስሳት ነበሩ፤ ሆኖም የጠባቂዎቻቸው ክብር የቀን ብርሃንን አልጨመረላቸውም። የጶንጥ ገደል ላይ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚሞቅ እንስሳ ነበረ።

ነገሩ የዝንጀሮ ብቻ አይደለም። ፖላንዳዊው ሐኪም ሽኒያዴትስኪ በ1822 በዋርሶ ከተማ የሚኖሩ ልጆች በዚህ በሽታ ሲያዙ የገጠሮቹ የማይያዙበትን ምክንያት ፀሐይ ነው ብሎ ነበረ። በ1919 የበርሊኑ ሁልድሺንስኪ የታመሙ ልጆችን እንደ ፀሐይ በሚያበራ ልዩ መብራት አሙቆ አዳናቸው። ፀሐይ በማይጠፋባት በአዲስ አበባም የሕፃናት ሐኪሞች ይህንኑ በሽታ አግኝተዋል። በ1997 በታተመው ጥናታቸው 500 የሳንባ ምች ሕሙማን ልጆችን ከ500 የሳንባ ምች ከሌለባቸው ልጆች ጋር ቢያስተያዩ፥ ከሕሙማኑ 210 ሪኬትስ ነበረባቸው፥ ከሌሎቹ ግን 20 ብቻ። ለስላሳ የጎን ዐጥንት ያለው ልጅ ትንፋሹ ስለሚደክም ምቹ ይበረታበታል። ጠዋት ጠዋት ሕፃኗን ቅባት ቀብታ በደጃፍ ፀሐይ የምታሞቅ እናት ይህን ሁሉ ሳታነብ ትክክለኛውን ትሠራለች፤ ቡዳ እንዳያየው ፈርታ በጨርቅ ጠቅልላ በጓዳ የምታቈየው እናት ግን የግብፁን ካህን ስሕተት ትደግማለች።

ከዐጥንት ወደ ጠባይ ስንሸጋገር የሎንዶኑ ታሪክ ይመጣል። በ1925 የሎንዶን የእንስሳት ማኅበር ርዝመቱ 30 ሜትር፥ ስፋቱ 18 ሜትር ያህል የሆነ ሰው ሠራሽ ኮረብታ አሠርቶ መቶ ያህል ሐማድርያስ ዝንጀሮዎችን ለቀቀበት። የታሰበው ወንዶች ብቻ እንዲሆኑ ነበረ፤ ጥቂት ሴቶች በስሕተት ገቡ። ወዲያው ጠብ ተነሣ። በ1927 ጠቡ እንዲበርድ ተብሎ 30 ሴቶች ተጨመሩ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ወንዶቹ በሴቶቹ ላይ ተሻሙ፥ ሴቶቹም በሽሚያው መካከል እየተጐተቱና እየቈሰሉ አብዛኞቹ ሞቱ። ከኬፕ ታውን የመጣው ወጣት ሶሊ ዙከርማን የማኅበሩ የአካል ጥናት ሊቅ ሆኖ በ1928 ተሾመና የሞቱትን እየከፈተ፥ በሕይወት ያሉትን እየተመለከተ በ1932 ስለ ጦጣና ዝንጀሮ ማኅበራዊ ኑሮ መጽሐፍ አወጣ። የሬሳ ምርመራው የጠነቀቀ ነበረ፤ ከዚያ ተነሥቶ የሰጠው ፍርድ ግን፥ የዝንጀሮን ማኅበር የሚያያይዘው የፍትወት ሥጋ ፍላጎት ነው፥ ኑሮአቸውም የበላይነትና የጠብ ነው የሚል ሆነ። ይህ ፍርድ ለሠላሳ ዓመት ያህል በየትምህርት ቤቱ ተነገረ፤ ስለ ሰውም ተፈጥሮ ማስረጃ አድርገው የጠቀሱት ብዙዎች ናቸው።

በዙሪክ የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ እነዚሁን ዝንጀሮዎች ሲመለከት የኖረው ስዊሳዊው ሐንስ ኩመር ግን ወደ አገራቸው ሄዶ ሊያያቸው ፈለገ። በ1960 ከባልደረባው ከፍሬድ ኩርት ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፥ በድሬዳዋና በአዋሽ መካከል በባቡሩ ሐዲድ አጠገብ በኤረር ጎታ ሰፈረ። ያን አገር ለሚያውቅ የሐርጌሳ ሰው ግራርና ቍልቋሉ፥ ደረቁ ወንዝና የሚያበራው ድንጋይ እንግዳ አይሆንበትም። ሁለቱ ሰዎች ዓመት ያህል በእግራቸው እየተከተሉ ዝንጀሮዎቹን አንድ በአንድ ለዩዋቸው።

ያዩት ከሎንዶኑ ኮረብታ ጋር የሚመሳሰል አልነበረም። አንድ ወንድ ከአንዲት ወይም ከጥቂት ሴቶችና ከልጆቻቸው ጋር ቤተ ሰብ ሆኖ ይኖራል። ቤተ ሰቦቹ ተሰባስበው ቀን አብሮ የሚጓዝ ጭፍራ ይሆናሉ፤ ጭፍሮቹም ማታ፥ ለነብር የማይመች ገደል በዚያ አገር ጥቂት ስለ ሆነ፥ አንዳንድ ጊዜ ከመቶ አልፈው በአንድ ገደል ላይ ያድራሉ። ወንዱ ሴቲቱ ስትርቅበት አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል፤ ይህን መደበቅ አይገባም፥ የዋህ እንስሳ አይደለም። ነገር ግን አንዱ ወንድ የሌላውን ሴት፥ ጕልበት ቢኖረውም እንኳ፥ አይነጥቅም። ኩመርና ረዳቶቹ ይህን ኋላ በፈተና አረጋገጡት፤ አንድ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር ሲቀመጥ ጥቂት ጊዜ ካየ በኋላ አብሯቸው የገባው ሁለተኛ ወንድ፥ ምንም እንኳ የበረታ ቢሆን፥ ፊቱን አዙሮ ሰማዩን ወይም ጠጠሩን ይመለከት ጀመረ። ወጣት ወንድም ቤተ ሰብ የሚመሠርተው ብዙውን ጊዜ በጠብ ሳይሆን፥ ገና ያልደረሰች ልጅ ተጠግቶ እንደ እናት እያቀፈና እየጠበቀ በማሳደግ ነው።

እንግዲህ በሎንዶን የሆነው ምንድን ነው? የማይተዋወቁ ወንዶች ከየመንጋቸው ተለቅመው፥ ለአንድ ቤተ ሰብ በማይበቃ ቦታ ተከማችተው፥ የማን እንደ ሆኑ ያልታወቁ ሴቶች በመካከላቸው ተጣሉ። መከባበሩ የቆመው በመተዋወቅ ላይ ነበረና ፈረሰ። ዙከርማን ያየውን በትክክል ጽፏል፤ የሳተው ያየው ነገር የእስር ቤት ኑሮ መሆኑን በመዘንጋቱ ነው። (ልጅን በመቀመጫው ላይ ብቻ አይቶ ጠባዩን በመዝገብ የሚጽፍ መምህርም ከዚህ ወጥመድ የራቀ አይደለም።) ኩመር ሥራውን በ1968 በመጽሐፍ አሳተመ።

የኩመር ግኝት በሌላ ቦታ የተደረገውን አንድ አሳዛኝ ፈተና ትርጕም ሰጠው። የሶቪየት መንግሥት በ1927 በጥቁር ባሕር ዳር በሱኩሚ የዝንጀሮና የጦጣ ምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ነበረ፤ ሐማድርያስም በብዛት ይረባበት ነበረ። በዚያ የነበሩ ሐኪሞች፥ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ከሐሳብ ይመጣ እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ወንዱን ለብዙ ጊዜ አብራው ከኖረችው ሴት ለይተው በአጠገቧ ባለ ሌላ ቤት ዘጉበት፤ ከእርሷም ጋር ሌላ ወንድ አስገቡ፤ እርሱም በሽቦው እያየ ኖረ። የደሙ ግፊት ከፍ አለ፤ ከእነዚያ ዝንጀሮዎች አንዳንዶቹ ልባቸው ታመመ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ፈተና የሚፈቅድ የምርምር ሸንጎ ማግኘት የሚያስቸግር ነው፥ መሆኑም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ በዝንጀሮ ሁሉ ላይ ሳይሆን በቤተ ሰብ በሚኖረው በዚህ ዝንጀሮ ላይ እንዲህ የበረታበት ምክንያት የሚታወቀው በኤረር ጎታ ገደል ላይ ነው።

ስለ አንጐሉ ደግሞ ጥቂት። የዝንጀሮ አንጐል 150 ግራም ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ የሰው ከ1300 እስከ 1400 ግራም ያህል ይመዝናል። ይሁን እንጂ ዋና ዋናዎቹ እጥፋቶችና መሥመሮች በሁለቱም ላይ ይታያሉ፤ ሐኪሞች ለንጽጽር የሚመርጡትም ስለዚህ ነው። በ1966 ኪላም፥ ናኬና ቤር የተባሉ መርማሪዎች ከሴኔጋል ከካዛማንስ የመጡ ዝንጀሮዎች በሰከንድ 25 ጊዜ ያህል ብልጭ የሚል መብራት ሲያዩ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ እንደሚይዛቸው አገኙ፤ ሰው እየቀጠቀጠ ያላመጣው፥ ከተፈጥሮ ያለ ሕመም ስለ ሆነ የሚጥል በሽታን መድኀኒት ለመፈተን ረዳ። አንዳንድ ሰዎችም በብልጭልጭ ብርሃን ይወድቃሉ። በ2021 ደግሞ በፈረንሳይ አገር በማርሴይ፥ አዲስ የተወለዱ የዝንጀሮ ግልገሎች በእንቅልፍ መድኀኒት ተኝተው አንጐላቸው በማግኔት ፎቶግራፍ ተነሣ፤ በሰው ላይ ከንግግር ጋር የሚያያዘው የግራው ጎን ክፍል በአብዛኞቹ ከቀኙ ሰፍቶ ተገኘ። ቃል የማይናገር እንስሳ ለንግግር የሚያገለግለውን ቦታ ከልደቱ ይዞ መገኘቱ፥ ያ ቦታ መጀመሪያ ለምን ሥራ ነበረ የሚለውን ጥያቄ ከፍቷል። ለዚህ ምርመራ ማንም ግልገል አልተገደለም፤ ከእንቅልፉ ሲነቃ ወደ እናቱ ተመልሷል።

ሳይገድሉ መመርመር በኢትዮጵያም ሲሠራበት ቈይቷል። በአዋሽ ወንዝ አካባቢ ሐማድርያስና አኑቢስ የሚባለው ሌላው ዝንጀሮ ይገናኛሉ፥ ይዳቀላሉም። ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በበቈሎ እያባበሉ በወጥመድ ቤት ይዘው፥ አስተኝተው፥ መዝነው፥ ጥቂት ደም ቀድተው፥ የጥርሳቸውን ቅርጽ በልስን አትመው ወደ መንጋቸው ይለቋቸው ነበረ። ኋላም ከአከርካሪያቸው ጥቂት ፈሳሽ ወስደው ሲያስመረምሩ፥ የድቅሎቹ ወንዶች የአንጐል ኬሚካል መጠን ከአኑቢሶቹ የተለየ ሆነ። በአማራ አገር በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ጭላዳ ደግሞ (የሳይንስ ስሙም ጌላዳ ከአገሬው ስም የተወሰደ ነው፤ ሩፔል በ1835 ነው የጻፈው) ከ2006 ጀምሮ ዓመት ከዓመት በስሙ እየተጠራ ይጠናል። በ2022 የዘር መጽሐፉ ተነብቦ ሲወጣ፥ ያን ከፍታ የተቋቋመው ደሙን በማወፈር እንዳልሆነ ታወቀ፤ ደረቱ ግን ከሌሎቹ የሰፋ ነው። ከውሻና ከቀበሮ ወገን የሚመጣ የኮሶ ትል እጭም ሥጋው ውስጥ ገብቶ እንደ እባጭ እያበጠ ብዙዎቹን ይገድላል፤ ውሻ የሚያረክሰው ሣር የጭላዳ ማዕድ ነውና።

በሽታ ከእንስሳ ወደ ሰው፥ ከሰውም ወደ እንስሳ የሚያልፍ መሆኑ በትምህርት ቤት ሊነገር የሚገባው ዋና ነገር ነው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ቢጫ ወባ በአፍሪቃ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው ሲሆን፥ 100,000 ያህል ሰዎች ታመው 30,000 ያህል እንደ ሞቱ ይገመታል። በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሊቃውንት ከዱር ጦጣዎች ደም ወስደው የበሽታውን ዱካ ፈለጉ። የሚያስተላልፈው ትንኝ ነው፤ የአፍሪቃ ጦጣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሞት ይሸከመዋል። የተገላቢጦሹ ደግሞ በኬንያ በማሳይ ማራ ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ሳፖልስኪ ከሚያጠናው የአኑቢስ መንጋ ጕልበተኞቹ ወንዶች ከአንድ የቱሪስት ማረፊያ ቈሻሻ መጣያ ሊሻሙ ይሄዱ ነበረ። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት የከብት ሥጋ በዚያ ተጥሎ በሉና አለቁ። የቀሩት ወንዶች ጠብ የማይወዱት ሆኑ፤ መንጋውም ረጋ አለ፤ ከውጭ የመጡት አዲስ ወንዶች እንኳ ያንኑ የረጋ ኑሮ ተቀበሉ። በ2004 የታተመው ይህ ወሬ፥ የዝንጀሮ ጠባይ በተፈጥሮ ብቻ ተቈርጦ የተሰጠ ነው ለሚለው ሁሉ ከባድ መልስ ሆነ። የከተማ ጥራጊ በገደል አፋፍ በሚደፋበት ቦታ ሁሉ ግን ስለ ረጋው መንጋ ከማሰብ በፊት ስለ ነቀርሳው ማሰብ ይቀድማል።

ስለ ዝንጀሮ የሚያስተምር መምህር አንድ ጥያቄ ሳይመጣበት አይውልም፤ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ወይ? እስላሙም ክርስቲያኑም ልጅ ይህን የሚጠይቀው ከቤቱ የሰማውን ይዞ ነውና በቀልድ ወይም በቍጣ መመለስ አይገባም። ሊቃውንቱ የሚሉት፥ ዛሬ በገደሉ ላይ ያለው ዝንጀሮ የሰው አባት ነው ሳይሆን፥ የሁለቱ ዘር መንገድ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ተለያየ ነው። ማስረጃው ምን እንደ ሆነ መናገር የሳይንስ መምህር ሥራ ነው፤ ስለ ፍጥረት የሚነገረው ሁሉ ግን በዐጥንት መለኪያ የሚለካ አይደለም።

ለሐርጌሳና ለአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች የሚሆን ሥራ አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ዝንጀሮ የሚያድርበትን አንድ ገደል ይመርጣሉ። ከ100 ሜትር ባላነሰ ርቀት ይቀመጣሉ፤ ምግብ አይወረውሩም፥ ግልገል አይነኩም፥ የሞተ ቢያገኙ በእጃቸው አያነሡም። ሲመለሱ ጋማ ያላቸውን ወንዶች በአንድ ዐምድ፥ ሴቶችን በሌላ፥ የታዘሉ ግልገሎችን በሦስተኛው ይጽፋሉ፤ የሚያነክስ ወይም ያበጠ ቢያዩ በአራተኛው። ወንዶቹ ስንት ሴት እንደሚያስከትሉ፥ የትኞቹ ቤተ ሰቦች ጐን ለጐን እንደሚያድሩ፥ ድርቅ ሲበረታ ቍጥሩ ምን እንደሚሆን ከዓመት እስከ ዓመት የሚያሳይ አንድ ተራ ደብተር፥ ኩመር በኤረር ጎታ የጀመረበት ዐይነት ደብተር ነው። ቈጠራው በመጀመሪያው ምሽት ከተማሪ ወደ ተማሪ የተለያየ ይሆናል፤ አንዱ 60፥ ሌላው 85 ይላል። ሁለቱም ቍጥር ሳይሰረዝ ይጻፋል፤ በማግሥቱም በዚያው ሰዓት፥ ጀምበር ከመግባቷ በፊት፥ በዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደ ገና ይቈጥራሉ።